ቀለሃ መልሶ መሙላት፦ ያገር ቤት ሙያ፣ የዚህ አገር አደጋ

ከወታደር ልጅ ኪስ የወደቀች አንዲት ጥይት ቤተሰብን ለምን ታስጨንቃለች? የምስር ፍሬ የምታክለው መለኮሻዋስ ለምን ትፈራለች? ብታገኟትስ ምን ታደርጋላችሁ?



ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ በቤር ሼቫ ሽኩና ዳሌት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ብትቆሙ ወታደር ልጆቻችን ትልልቅ ቦርሳ ተሸክመው፣ ጠመንጃ አንግተው ሲወርዱ ታያላችሁ። እናት ደጅ ወጥታ ትቀበላለች። አባት ልጁን ከሳመ በኋላ ዓይኑን ወደ መሣሪያው ይጥላል። ቦርሳው ሲራገፍ የቆሸሸው ልብስ ወደ ማጠቢያ ማሽን ይሄዳል። ከሱሪው ኪስ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ኮለል ብሎ ይወድቃል። አንዳንዴ ባዶ ቀለሃ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ያልተተኮሰ ሙሉ ጥይት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ጥይት ነው። በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ በሽኩናው ከቤት ቤት ስዘዋወር ከወላጆች የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አባቶች «ቀለሃዋ ደህና ናት፤ ባሩድና እርሳስ ባገኝ መልሼ አልሞላትም ወይ?» ይላሉ። እናቶች «ባዶ ከሆነች ሕፃኑ ቢጫወትባት ምን አለበት?» ይላሉ። ወጣቶቹ በስተው የአንገት ማንጠልጠያ ሊያደርጓት ይፈልጋሉ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት ወዲህ ደግሞ በአገሩ ሁሉ የሽጉጥ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች በዝተዋልና «የጥይት ዋጋ ውድ ነው፤ የተኮስኩትን ቀለሃ ሰብስቤ ራሴ ብሞላውስ?» የሚሉም አልጠፉም።

እነዚህ የሞኝ ጥያቄዎች አይደሉም። ካገር ቤት ይዘነው ከመጣነው ዕውቀት የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ «ክልክል ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም። ነገሩን ከሥሩ እናየዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥይት ባገራችን ምን ነበር?

በጎንደር ገጠር ጠመንጃ ዘብ ነበር። ሰብልን ከዝንጀሮና ከአሳማ፣ ከብትን ከጅብና ከወንበዴ ይጠብቃል። በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል። ዝናሩ የሞላ ሰው በአደባባይ ይከበራል፤ ዝናሩ የጎደለ ሰው ደግሞ እንዳይታወቅበት ጋቢውን ሰብሰብ ያደርጋል። ከእኛ ወገን ብዙው ገበሬና ባለ እጅ ነበር። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያወጡ ነበር። ብረት የለመደ እጅ ደግሞ ያረጀ ዕቃ ሲያይ መጠገን እንጂ መጣል አይሆንለትም።

ዛሬ የምናውቃት ጥይት ወደ አገራችን የገባችበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከዚያ በፊት ባሩዱና አረሩ በአፈሙዝ በኩል ለየብቻ እየተጎሰጎሰ ነበር የሚተኮሰው። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ መቅደላ ሲመጣ እግረኛው የያዘው ጠመንጃ ስናይደር ይባል ነበር። በእኛ አፍ «ስናድር» ሆኖ ቀረ። ጥይቱ ባሩዱን፣ እርሳሱንና መለኮሻውን ባንድነት አቅፎ በጠመንጃው ኋላ በኩል የሚጎርስ ነበር። የፈጠነውና የቀናው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች በ1874 ያወጡት ግራ የተባለው ጠመንጃ በብዛት ገባ። አያቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት እርሱን ነው። በማርች 1 ቀን 1896 በዓድዋ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነበር። የውጅግራ ጥይት ለጦር ብቻ አልዋለም። ከማርያ ትሬዛ ብር በታች የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ ባጠረበት ገበያ ጥይት እንደ ሳንቲም እየተቆጠረ ዕቃ ይገዛ ነበር። ገንዘብ የሆነ ነገር ደግሞ አይጣልም። ባዶው ቀለሃ ይሰበሰባል፣ ባገር ውስጥ በተወቀጠ ባሩድ ይሞላል፣ እርሳስ ቀልጦ ይደፈንበታል፣ እንደገና ይተኮሳል። «ቀለሃ መልሼ ልሙላ» የሚሉ አባት የሚያስታውሱት ይህንን ሙያ ነው። በዘመኑ ክቡር ሙያ ነበር።

አንዲት ጥይት አራት ነገር ናት

ጥይትን ለመፍራትም ለማክበርም አካላቷን ማወቅ ይረዳል። የመጀመሪያው ቀለሃው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከናስ ይሠራል፣ ሌላውን ሁሉ የሚይዘው ዕቃ እርሱ ነው። ሁለተኛው ባሩዱ ነው። ሦስተኛው ከፊት የተሰካውና ወጥቶ የሚሄደው አረር ነው። አራተኛው በቀለሃው ቂጥ መካከል የተወተፈችው ትንሽ ክብ ቆብ ናት፤ መለኮሻ እንበላት። ቃታ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ እርሷን ይመታል። በውስጧ ያለው ቅመም በምቱ ይፈነዳና እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ በሉ። ባሩድ እሳት ካላገኘ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መለኮሻዋ ግን እሳት አትጠብቅም። ለምት፣ ለጫና፣ ለፍትጊያና ለሙቀት ትነሣለች። የተፈጠረችውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ሁሉ በመጠን ትንሿ፣ በጠባይ ግን አስቸጋሪዋ እርሷ ናት።

የመለኮሻ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የስኮትላንድ ቄስ ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይት ይባላል፤ ወፍ ማደን ይወድ ነበር። የዚያን ዘመን ጠመንጃ በድንጋይ ፍንጣሪ የሚለኮስ ስለሆነ መጀመሪያ ቦግ ይልና ወፎቹ ጥይቱ ሳይደርስባቸው ይበርራሉ። ቄሱ በምት የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ የሚያገለግልበትን መንገድ አገኘና በ1807 በስሙ አስመዘገበው። በ1866 አካባቢ ደግሞ ሁለት ሰዎች የዛሬውን መለኮሻ ሁለት መልክ ሰጡት። አንዱ አሜሪካዊው ሂራም በርዳን፣ ሌላው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ነው። የስናድርን ጥይት የነደፈው ይኸው ቦክሰር ነበር። የሚያስቀው ነገር የአሜሪካዊው ሥራ በአውሮፓና በምሥራቅ ሲስፋፋ፣ የእንግሊዛዊው ሥራ በአሜሪካ መግነኑ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። በቦክሰር ቀለሃ ውስጥ መካከሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ስላለች ያገለገለችው መለኮሻ በቀላሉ ትወጣለች። በበርዳን ቀለሃ ግን ቀዳዳዎቹ ትንንሽና ከመካከል ውጪ ስለሆኑ ማውጣቱ ያስቸግራል። በአገራችን በየቤቱ የሚገኘው የክላሽ ጥይት አብዛኛው የበርዳን ዓይነት ነው፤ ቀለሃውም ብዙውን ጊዜ ብረት ነው። በክላሽ ዘመን ቀለሃ መሙላት እየተረሳ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ቢሆን አያስገርምም።

ትልቋና ትንሿ መለኮሻ

አሁን ወደ ሽጉጥ እንምጣ። የሽጉጥ መለኮሻ በሁለት መጠን ይሠራል። ትንሿ ወርዷ 4.45 ሚሊሜትር ገደማ፣ ትልቋ 5.33 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልዩነታቸው አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዓይን ለመለየት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠይቃል።

በዚህ አገር በፈቃድ የሚያዘው ሽጉጥ አብዛኛው የሚጎርሰው 9 ሚሊሜትር ጥይት ትንሿን መለኮሻ ይይዛል። ካሊበር 45 የሚባለው የአሜሪካኖች ወፍራም ጥይት ግን ለብዙ ዘመን ትልቋን ብቻ ሲይዝ ኖሮ፣ በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ፋብሪካዎች ያንኑ ጥይት በትንሿ መለኮሻ መሥራት ጀመሩ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ቀለሃዎች አንድ ናቸው። ቁመታቸውም ውፍረታቸውም አይለይም። የሚለዩት በቂጣቸው ባለችው ቀዳዳ ስፋት ብቻ ነው።

በአሜሪካ ቀለሃ መሙላት ሕጋዊ ነው። ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ፣ የባሩድ ሚዛን፣ ፋብሪካዎች ያሳተሙት የመጠን መጽሐፍ አላቸው። ያም ሆኖ ይህ የቀዳዳ ልዩነት ለብዙ ዓመት የሠሩትን ሰዎች ሳይቀር ያስቸግራቸዋል። ትልቋን መለኮሻ ወደ ትንሿ ቀዳዳ ሲጫኗት በእጃቸው ላይ ልትፈነዳ ትችላለች። ትንሿ ወደ ሰፊው ቀዳዳ ስትገባ ደግሞ ላልታ ትወድቃለች፤ ወይም በተኩስ ጊዜ ትኩሱ ጋዝ በጎኗ ሾልኮ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቀለሃውን አንድ በአንድ እያገላበጠ ይለያል እንጂ በጅምላ አይነካውም።

ነገሩ በወርድ ብቻ አያበቃም። የሽጉጥና የጠመንጃ መለኮሻ በወርድ እኩል ሆነው በቆባቸው ውፍረት ይለያያሉ። የጠመንጃው ወፍራም ነው። ለሽጉጥ ቢደረግ መርፌው ላያስነሣው ይችላል። የሽጉጡ ስስ ነው። ለጠመንጃ ቢደረግ መርፌው ሊበሳውና እሳቱ ወደ ዓይን ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ ሚዛንና መጽሐፍ ያለው ሰው እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ በምስማርና በመዶሻ የሚሞክር ሰው ምን ይጠብቀው ይሆን?

የቀድሞው መጠን ዛሬ ይገድላል

«አባቴ ሲሞላ አይቻለሁ፤ ምንም አልሆነም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አባታቸው የሞሉት ጥቁር ባሩድ ነው። ከሰል፣ ድኝና ጨው መሰሉ ቅመም ተወቅጦ የሚሠራው ማለት ነው። ቶሎ ይነዳል፣ ብዙ ያጨሳል፣ ኃይሉ ግን ዝቅተኛ ነው። ለእርሱ የቀለሃው መጠን ራሱ መስፈሪያ ነበር፤ እስኪሞላ መጨመር እንደ ስሕተት አይቆጠርም።

በ1884 ፖል ቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። የዛሬ ጥይት ሁሉ የሚሞላው በዚህ ዓይነት ነው። ኃይሉ ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። በሽጉጥ ቀለሃ ውስጥ ትክክለኛው መጠን ብዙ ጊዜ ቀለሃውን አይሞላም፤ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያገር ቤቱን መስፈሪያ የለመደ እጅ ግን ባዶ ቦታ ሲያይ «ጎደለ» ይልና ይጨምራል። ያን ጊዜ የሚፈነዳው ሽጉጡ ራሱ ነው። የሚጎዳውም ያነጣጠረበት ሳይሆን የያዘው ሰው ነው።

በአንድ ቤት የሆነው

ስማቸውን ሳልጠራ ስለ አንድ ቤተሰብ ልንገራችሁ። አባትዬው በአገራቸው እጀ ብልህ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ይዞት የመጣውን ሙሉ ጥይት አፈታው ብለው አረሩን ነቀሉ፣ ባሩዱን አፈሰሱ። «ከእንግዲህ ባዶ ነው» ብለው መለኮሻዋን በምስማር ሊያወጧት ቀለሃውን መቱት። መለኮሻዋ ግን አልሞተችም ነበርና ፈነዳች። የናስ ስባሪ መዳፋቸውን ቀደደው፤ አንዲት ፍንጣሪም ከዓይናቸው ሥር ገባች።

ከአደጋው ይልቅ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቤተሰቡ «ሐኪም ቤት ከሄድን ፖሊስ ይጠራል፤ ልጃችን ይታሰራል» ብሎ ፈራ። ቁስሉን በቤት አሰሩት። ዕብጠቱ ዓይናቸውን እስኪዘጋው ድረስ ሁለት ቀን ቆዩ። ነገሩን የሰማሁት ከትንሿ ልጃቸው ነው፤ ወላጆቿ ዝም በሉ ያሏቸውን እርሷ መሸከም አቅቷት ተናገረች። ሐኪም አያቸው፣ ዓይናቸውም ዳነ። ወታደሩ ልጅ ራሱ ሄዶ ለአዛዡ ተናገረ። ተቀጣ፤ ቅጣቱ ግን ቤተሰቡ በሌሊት እያሰበ የፈራውን ያህል አልነበረም። ዝምታው አንድ ሁለት ቀን ቢጨምር ኖሮ ግን የዓይን ነገር እንዲህ በቀላሉ ባላለቀ ነበር።

ከመሬት በታች የተሠራው ጥይት

«ይህ አገር ራሱ ጥይት በድብቅ ሲሠራ አልነበረም ወይ?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። አዎ፣ ነበር። ታሪኩም ማወቅ የሚገባ ነው። በረሖቮት ከተማ አጠገብ፣ ዛሬ ሙዚየም በሆነው በማኮን አያሎን፣ በ1945 ከመሬት በታች 8 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የጥይት ፋብሪካ ተሠራ። አገሩ ገና በእንግሊዝ እጅ ነበርና ሥራው የሚያስገድል ወንጀል ነበር። መግቢያው በልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥር ተደበቀ። ሌላኛው ቀዳዳ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ሥር ሆነ። የማጠቢያው ጩኸት የፋብሪካውን ጩኸት ይሸፍን ነበር። ናሱን ከውጭ ሲያስገቡ ለከንፈር ቀለም ማስቀመጫ ነው ይሉ ነበር። ፀሐይ የማያዩት ሠራተኞች ፊታቸው ገርጥቶ እንዳይታወቅባቸው በልዩ መብራት ይሞቁ ነበር። እስከ 1948 ድረስ ከ2 ሚሊዮን በላይ ባለ 9 ሚሊሜትር ጥይት ከዚያ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ግን ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች የሠሩት በጓዳ በምስማር አልነበረም። ማሽን፣ የሠለጠነ ሰው፣ የእያንዳንዱን ጥይት መጠን የሚቆጣጠር ሥርዓት ነበራቸው። ሁለተኛ፣ በድብቅ የሠሩት የሚጠብቃቸው መንግሥትና ሠራዊት ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ የእርስዎ ልጅ ራሱ የሠራዊቱ አባል ነው። በቤት ጥይት የሚሠራበት ምክንያት የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

በእስራኤል ሕግ ዓይን ጥይት ከመሣሪያ ተለይቶ አይታይም። ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝ በወንጀል ሕጉ ያስከስሳል፣ እስከ እስራት ያደርሳል። ጥይት መሥራት ደግሞ ከመያዝ የከበደ ወንጀል ነው። የግል መሣሪያን የሚገዛው ሕግ የወጣው በ1949 ነው። ፈቃድ (ሪሻዮን) የሚሰጠው የብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር ነው። ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ የሚይዘው የጥይት ብዛት የተወሰነ ነው። ለብዙ ዓመት 50 ነበር፤ ከ2023ቱ ጥቃት በኋላ ወደ 100 ከፍ ተደርጓል። «ፈቃድ አለኝ» ማለት ግን «መሙላት እችላለሁ» ማለት አይደለም። ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ጥይት የመሥራት ፈቃድ አይሆንም።

ወታደር ልጃችሁ ደግሞ በሌላ ሕግ ሥር ነው። በ1955 የወጣው የጦር ፍርድ ሕግ ይመለከተዋል። በሠራዊቱ ከተኩስ ልምምድ በኋላ ወታደሮች ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱም ጥይትም ሆነ ቀለሃ እንዳልቀረበት ቃሉን ይሰጣል። ስለዚህ ከኪሱ የወደቀችው ነገር ትንሽ ብትሆንም ልጁ ቃሉን እንዳፈረሰ ትቆጠርበታለች። አብዛኞቹ በተንኮል አያደርጉትም፤ በድካም ይረሱታል፣ ወይም ለመታሰቢያ ይይዙታል። ቶሎ ሲመለስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሲደበቅ ይከብዳል።

አገር ቤት ስትሄዱም ተጠንቀቁ። የወታደር ልጃችሁን ቦርሳ ተውሳችሁ ሻንጣ አድርጋችሁ ከሆነ ወደ ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዳችሁ በፊት ኪሶቹን ሁሉ ገልብጡ። በፍተሻ ጊዜ አንዲት ጥይት ከተገኘች ጉዞው ይሰናከላል፤ በቦሌም ቢሆን ያው ነው። በኢትዮጵያም በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል።

ባዶ ቀለሃስ ምን ጉዳት አለው?

እናቶች ሆይ፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። በብዙ መለኮሻዎች ውስጥ ያለው ቅመም የእርሳስ ውሁድ አለበት። ከተተኮሰ በኋላ ብናኙ በቀለሃው፣ በተኳሹ እጅና በልብሱ ላይ ይቀራል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ሲገባ የሕፃናትን አእምሮና የመማር ችሎታ ይጎዳል። ለሕፃን «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። ለነፍሰ ጡርም ጉዳት አለው። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና ቀለሃ መጫወቻ አይሁን። ከተኩስ ልምምድ የመጣ ሰው ሕፃን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ከሕፃኑ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

ሙሉ ጥይት ወደ ቆሻሻ አይጣል፣ ወደ እሳትም አይቅረብ። ለቡና ባቀጣጠላችሁት ከሰል ውስጥ ብትገባ ቀለሃዋ ይሰነጠቃል፣ ስባሪዋም በዙሪያው የተቀመጠውን ሰው ይመታል። ያለ ጠመንጃ ስትፈነዳ አረሯ ሩቅ አይሄድም፤ ዓይን ለማጥፋት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም።

ከከተማ ስትወጡም አስቡበት። በደቡብ ያለው በረሓ ብዙው የሠራዊቱ መለማመጃ ነው። የጼኤሊም ሰፈር በዚያው ነው። የተኩስ ቀጠና (ሸታሕ ኤሽ) መሆኑን የሚናገሩ ሰሌዳዎች በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ አዲስ መጪው አያነባቸውም። ናስና ብረት ለቅሞ ለመሸጥ በዚያ የሚገቡ ሰዎች ያልፈነዳ ነገር (ኔፌል) አንሥተው እጃቸውንና ሕይወታቸውን ያጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ለልጆቻችሁ አንድ ቃል አስተምሯቸው፦ «አትንካው፤ ራቅ በል፤ ለትልቅ ሰው ንገር»።

መሣሪያው ቤት ሲያድር

ስለ ጥይት ስናወራ ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በእኛ ዘንድ ለመናገር የሚከብድ ነገር ነው። የተከፋ ወጣት በእጁ መሣሪያ ካለ፣ ሊያልፍ የሚችል ጭንቀት የማይመለስ ነገር ይሆናል። የእስራኤል ሠራዊት በ2006 ብዙ ወታደሮች በሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን በሰፈር እንዲተዉ አዘዘ። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከዚያ በኋላ በወታደሮቹ ዘንድ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ቀነሰ። ጭንቀታቸው አልጠፋም ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ከእጃቸው ራቀ። ይህ ብቻውን የብዙ እናቶችን ልጅ አተረፈ።

ስለዚህ ልጃችሁ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ በሁለት መቆለፊያ ሥር ይቀመጥ፤ ሠራዊቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የግል ሽጉጥ ያለው በካሴፌት ይቆልፍ። ቁልፉ የት እንዳለ ልጆች አይወቁ። ልጃችሁ ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ «እኔ ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ከጀመረ፣ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ኤራን በሚባለው የእርዳታ ስልክ 1201 ላይ ሌትም ቀንም ሰው ይገኛል።

ጥይት ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፣ አትፍቱት፣ አትምቱት፣ አትብሱት፣ በውኃም አትዘፍዝፉት። ውኃ መለኮሻን ገደለ ብሎ ማመን አይገባም።

ሁለተኛ፣ የወታደር ልጃችሁ ከሆነ ሳትቆጡ ጠይቁት። በመጀመሪያው ዕድል ለአዛዡ ተናግሮ እንዲመልስ አድርጉ። እስከዚያው ሕፃን በማይደርስበት፣ ከእሳትና ከሙቀት በራቀ ቦታ ይቆለፍ።

ሦስተኛ፣ ያረጀ፣ የዛገ ወይም ባለቤቱ የማይታወቅ ነገር ከሆነ ከቦታው አታንቀሳቅሱት። ሰዎችን አርቁና በ100 ለፖሊስ ደውሉ። ዕብራይስጡ ካልመጣላችሁ «ማጻቲ ታሕሞሼት» (ጥይት አገኘሁ) በሉና አድራሻችሁን ተናገሩ። ልክ እንደ አገኛችሁት መናገር ከወንጀል ይጠብቃችኋል እንጂ ወንጀል አይሆንባችሁም።

አራተኛ፣ ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ ሕክምና ነው። በ101 ማገን ዳዊድ አዶምን ጥሩ። ዓይን ከተመታ አትሹት፣ የገባውንም ለማውጣት አትሞክሩ። ስለ ፖሊስ ማሰብ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

አምስተኛ፣ ተኩስ መማር የሚፈልግ ፈቃድ ያለው ሰው በታወቀ የተኩስ ስፍራ (ሚትዋሕ) በፋብሪካ የተሠራ ጥይት ይተኩስ። ጥቂት ሸቀል አተርፋለሁ ብሎ ሽጉጥና ጣት የሚያጣ ሰው አላተረፈም።

አባቶች ሆይ፣ ስለ ውጅግራና ስለ ስናድር የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ጠመንጃ ይዘው የሚመጡት እነዚህ ልጆች ያያታቸው ዝናር ስንት ጥይት ይይዝ እንደነበር፣ አንዲት ጥይት በገበያ ምን ትገዛ እንደነበር አያውቁም፤ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ሙያው በወሬ ይተላለፍ፤ በእጅ ግን አይሞከር። ልጃችሁም በሚቀጥለው ዓርብ ከአውቶቡሱ ሲወርድ፣ ልብሱ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት ኪሱን ራሱ እንዲገለብጥ አድርጉት።